ያልተዘጋ መዝገብ

እኔ በተሰማራሁበት ሙያ ሳይዘጋ የሚያድር ሒሳብ የለም። ከመስኮት ኋላ የተቀመጠ ገንዘብ ከፋይ ሁሉ፣ ቀኑ ሲመሽ ገቢና ወጪውን አስተያይቶ፣ ካዝናውን ቆጥሮ፣ ልዩነት ካለም የልዩነቱን ምክንያት ፈልጎ ካላገኘ በቀር ወደ ቤቱ አይሄድም። አምስት ብር ብትጎድል አምስቷ ብር ትፈለጋለች። አምስት ብር ብትተርፍም እንዲሁ! ትርፍ እንደ ጉድለት ያስጠይቃል። ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፤ «ከተረፈማ ምን አስጨነቃችሁ?» ይለናል። የሚያስጨንቀን ግን ይኸው መትረፉ ነው። የተረፈችው ብር ከሰማይ አልወረደችም፤ ከአንድ ሰው ኪስ የወጣች ናት።

ዓለምን በዚህ ዓይን ማየት የለመደ ሰው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ግጥም ሊጽፍ ብዕር ሲያነሣ፣ ሁለት ዓይን ይዞ ይቀመጣል። አንደኛው ውበትን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ደረሰኝን። ውድ አንባብያን፣ እነዚህ ሁለት ዓይኖቼ አብረው የሚፈዝዙበት፣ አብረውም የሚጣሉበት አንድ ሕንፃ አለ። በእግሬ ቆሜ ላየው አልታደልሁም፤ የማውቀው በሥዕልና በመጽሐፍ ነው። አቴንስ ከተማ፣ አክሮፖሊስ በተባለው አምባ ላይ ቆሟል። ፓርቴኖን ይሉታል።

ሥራው የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) በ447 ዓመት ነው። በ438 የአቴና ጣዖት በውስጡ ቆመች፤ የቀረው ቅርጻ ቅርጽ በ432 ተፈጸመ። ንድፉ የኢክቲኖስና የካሊክራቴስ፣ የቅርጹ ሥራ የፊዲያስ፣ የሐሳቡ ጌታ ደግሞ ጴሪክሌስ መሆኑን መጻሕፍት ይነግሩናል። በአሥራ አምስት ዓመት የተጠናቀቀ ሥራ እነሆ ከ2,400 ዓመታት በላይ ያከራክራል። ሕንፃው አለቀ፤ ሒሳቡ አልተዘጋም።

* * *

«አሶሳ የተቀመጠ ሰው ስለ አቴንስ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። መልሴ ወርቅ ነው።

በስድስተኛው ምዕተ ዓመት በአዱሊስ ወደብ በኩል ያለፈ፣ ኮስማስ የተባለ የግብፅ ነጋዴ፣ በግሪክ ቋንቋ በጻፈው መጽሐፉ ስለ አክሱም የወርቅ ንግድ አንድ ድንቅ ነገር ትቶልናል። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎችን ሳሱ ወደተባለ የወርቅ አገር ይልካል። ነጋዴዎቹ ከአምስት መቶ ይበልጣሉ፤ የሚነዱት በሬ፣ የሚሸከሙት ጨውና ብረት ነው። ከስፍራው ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰው ይመጣና በወደደው ዕቃ ላይ የግብጦ ፍሬ የሚያህል ወርቅ አስቀምጦ ይርቃል። ባለ ሥጋው ዋጋው ካረካው ወርቁን ያነሣል፤ ካላረካው ይተወዋል፤ ያኔ የአገሩ ሰው ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ ለቋንቋ አይተዋወቁም። ንግዱ በዝምታ ይፈጸማል።

ሳሱ የት ነበረች በሚለው ላይ ሊቃውንት ይለያያሉ። ከመካከላቸው ግን ወደ ፋዞግሊና ወደዚህ ወደ ቤኒሻንጉል ምድር የሚያስጠጓት አሉ። እነርሱ ልክ ከሆኑ፣ ዛሬም እናቶች በገበታ በሚያጥቡበት ወንዝ የተገኘ ወርቅ ወደ አክሱም ተጉዞ፣ ቀልጦ፣ ተመትቶ ሳንቲም ሆኗል ማለት ነው። አክሱም የራሷን ገንዘብ መምታት የጀመረችው በሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው። በሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ግሪክኛ ነበር። በኋላ የብሩና የመዳቡ ሳንቲም ወደ ግዕዝ ሲዞር እንኳ፣ በባሕር ማዶ ገበያ የሚዘዋወረው የወርቁ ሳንቲም በአብዛኛው በግሪክኛ እንደጸና ቆይቷል።

እንግዲህ የእኛ ወርቅና የእነርሱ ፊደል በአንዲት ሳንቲም ላይ የተገናኙ የጥንት ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህም ስለ አቴንስ ሳነብ ስለ ባዕድ ቤት የማነብ አይመስለኝም።

* * *

ብዙ ሰው ፓርቴኖንን የሚያስበው እንደ ጸሎት ቤት ነው። ለእኔ ሙያ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ካዝና ነው። በውስጡ የቆመችው የአቴና ምስል ከእንጨት፣ ከዝሆን ጥርስና ከወርቅ የተሠራች ነበረች። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደሚነግረን ልብሷ 40 ታለንት ንጹሕ ወርቅ ነበር፤ በእኛ መለኪያ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ መሆኑ ነው። ይህ ወርቅ ሙሉ በሙሉ ተነቃይ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጦርነት ቢመጣ ተፈትቶ ይመነዘራል፤ ሰላም ሲሆን ይመለሳል። አማኙ ጎንበስ ብሎ ሲሰግድላት፣ የከተማው ገንዘብ ያዥ ግን ቀና ብሎ የመጠባበቂያ ሀብቱን ይመለከት ነበር።

የጦርነቱም ዘመን መጣ። አቴናውያን ከስፓርታ ጋር ሲዋጉ ከአቴና ንብረት ተበደሩ። ተበደሩ ነው የምላችሁ፣ ወሰዱ አይደለም! ስንት እንደተወሰደ፣ በስንት ቀን ስንት ወለድ እንደታሰበበት በዕብነ በረድ ላይ ተቀርጿል፤ ድንጋዩም በከፊል ዛሬ ድረስ አለ። በየዓመቱ የሚሾሙ አሥር ገንዘብ ያዦች ደግሞ ንብረቱን ቆጥረው ከቀደሙት ይረከባሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቆጥረው ለሚቀጥሉት ያስረክባሉ። ጽዋው፣ አክሊሉ፣ ክብደቱ፣ የተሰበረው፣ የጎደለው… አንድ በአንድ ይጻፋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። የቁልፍ ርክክብ በሚደረግበት ቀን እኛም የምንሠራው ይህንኑ ነው፤ የእኛ በወረቀት፣ የእነርሱ በድንጋይ መሆኑ እንጂ።

በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ቅ.ል.ክ. መባቻ ግን ላካሬስ የተባለ አምባገነን ተነሣና፣ ወታደሮቹን የሚከፍላቸው ቢያጣ የአቴናን ወርቅ ገፈፈ። በጦር ኃይል የመጣ «ወጪ» ወለድ አይታሰብለትም።

ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ካዝናው እንዲህ ተጠንቅቆ ከተቆጠረ፣ ወደ ካዝናው የገባው ገንዘብስ ከየት መጣ?

በ478 ቅ.ል.ክ. የግሪክ ከተሞች ፋርስን በአንድነት ለመመከት ማኅበር መሠረቱ፤ መሪዋ አቴንስ ነበረች። አባሎቹ መርከብ ወይም ገንዘብ ያዋጣሉ፤ መዋጮው ዴሎስ በምትባል ደሴት ይቀመጣል። በ454 ግን ካዝናው ወደ አቴንስ ተዛወረ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከየከተማው መዋጮ ከስልሳ አንዱ እጅ ለአቴና ይሰጥ ጀመር፤ የከፋዮቹ ከተሞችም ስም ከነመጠኑ በድንጋይ ይጻፍ ነበር። ለሕንፃው ከወጣው ወጪ ምን ያህሉ ከመዋጮው፣ ምን ያህሉ ከከተማዋ ገቢ እንደነበረ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ግን ነገሩ አልተሰወራቸውም። ፕሉታርክ እንደሚተርከው የጴሪክሌስ ተቃዋሚዎች በሸንጎ ቆመው፣ ለጦርነት ብሎ የሰጠንን የግሪክ ገንዘብ ከተማችንን እንደ ጌጠኛ ሴት ለማስጌጥ አዋልነው፤ ይህ ውርደት ነው አሉ። የጴሪክሌስ መልስ አጭር ነበር። እስከተከላከልንላቸው ድረስ ስለ ገንዘቡ ሒሳብ የመስጠት ግዴታ የለብንም አለ።

ሒሳብ የመስጠት ግዴታ የለብንም! የአንዲትን ጽዋ ስባሪ ሳይቀር በድንጋይ የሚመዘግብ ሕዝብ፣ በትልቁ ሒሳብ ላይ ያለው ይህን ነው።

መዝገቡ ውስጥ ስማቸው የሌለ ሌሎችም አሉ። ለአቴንስ ብር ይፈልቅላት የነበረው ላውሪዮን ከተባለ ማዕድን ነው፤ በጠባቡ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክከው የሚቆፍሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ከፓርቴኖን አጠገብ ያለው ኤሬክቴዮን ሲሠራ የተጻፈ የደመወዝ መዝገብ ተገኝቷል። ነፃው ዜጋም፣ መጤውም፣ በባርነት ያለውም በቀን አንድ ድራክማ ይታሰብላቸዋል። እኩል ክፍያ ብላችሁ እንዳትደሰቱ፤ የሦስተኛው ድራክማ የሚገባው ወደ ጌታው ኪስ ነበር።

ከሁሉ የምታስደንቀኝ ግን አንዲት በቅሎ ናት። አሪስጣጣሊስም ፕሉታርክም ያነሷታል። ለፓርቴኖን ድንጋይ ስትጎትት አርጅታ ከሥራ ነፃ ተባለች፤ እርሷ ግን መቀመጥን እንቢ ብላ በራሷ ፈቃድ ከሚሠሩት ጎን እየወጣች እየወረደች ታበረታታቸው ነበር። ሕዝቡም በመንግሥት ወጪ እንድትቀለብ ወሰነላት። ደግ ሥራ ነው! በቅሎዋ እንኳ ጡረታዋን አገኘች። ከላውሪዮን ጉድጓድ ብር ያወጡት ሰዎች ግን፣ አብዛኞቹ ስማቸውን እንኳ ለታሪክ አላስቀሩም።

* * *

ይህን ሳነብ ልቤ ወደምኖርበት ምድር ይመለሳል። ቤኒሻንጉልን የፈለጓት ሁሉ ስለ ወርቋ ነው። የግብፁ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ ጦሩን ወደ ሱዳን ያዘመተው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር፤ ጦሩም እስከ ፋዞግሊ ተራሮች ደርሷል። በ1890 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት አገሩን ወደ ኢትዮጵያ ግዛት አስገባ። ከዚያ በኋላ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአሶሳ ገዥ ሆነው ለረጅም ዘመን ወርቁን ለማዕከላዊው መንግሥት ገበሩ። አዲስ አበባ የምታውቁት የሸጎሌ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ወርቁን ከወንዙ ያጠበው፣ በሸክም ያጓጓዘው እጅ ግን የሼሁ አልነበረም። በባርነት የተያዙ፣ የተሸጡና የተለወጡ ሰዎች እጅ ነበር። ይህን ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል፤ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ጎረቤቶቼና ደንበኞቼ ናቸውና።

የአቴንስን ባለጸጎች ስንወቅስ አንድ ነገር እናመስግንላቸው፤ ከፋዮቹን ከተሞች በድንጋይ ጽፈዋል። ዛሬ ተመራማሪው «ይህች ትንሽ ደሴት ይህን ያህል ከፍላለች» ብሎ የሚከራከርላቸው ያ ድንጋይ ስላለ ነው። የእኛ ወርቅ በየትኛው ድንጋይ ተጽፏል? ከዚህ ወንዝ ወጥቶ የማን አክሊል፣ የማን መስቀል፣ የማን ጠመንጃ እንደሆነ የሚናገር መዝገብ አላየሁም።

* * *

በመሥሪያ ጠረጴዛዬ መስታወት ሥር የፓርቴኖን ሥዕል አኑሬያለሁ። አንድ ቀን ከመንጌ ወገን የሚመጡ፣ ወርቅ በማጠብ የሚተዳደሩ አንዲት የበርታ እናት ገንዘብ ሊያስቀምጡ መጥተው ሥዕሉን አዩት። ከበርትኛ ቀጥሎ አረብኛ፣ ከአረብኛ ቀጥሎ አማርኛ ይናገራሉ።

«ይኼ የማን ቤት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የጥንት ግሪኮች ቤት ነው እማማ።»

«ጣሪያውስ?»

«በጦርነት ጊዜ ፈነዳ።»

ጥቂት ዝም ብለው ሥዕሉን ተመለከቱና፣ «ሰው ነበረበት?» ብለው ጠየቁኝ።

ስለዚያ ፍንዳታ ብዙ አንብቤያለሁ። ቀኑን አውቀዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1687። አስተኳሹን አውቀዋለሁ፤ የቬኒሱ ጦር አዛዥ ሞሮሲኒ። ምክንያቱንም አውቀዋለሁ፤ ቱርኮች ሕንፃውን የባሩድ ማከማቻ አድርገውት ነበር፤ ከቬኒሶች የተወረወረ ቦምብ ባሩዱን አገኘው። ዓምዶቹ ወደቁ፤ ጣሪያው በረረ። ሞሮሲኒም አምባውን በያዘ ጊዜ የተረፉትን የፈረሶች ቅርጽ ለአገሩ ሊወስድ ሲያስወርድ ወድቀው ተሰባበሩበት። በመጻሕፍቱ ውስጥ ለጣሪያው ብዙ ገጽ ተለቅሶለታል። «ሰው ነበረበት?» የሚለው ጥያቄ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ነበረበት። ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ተጠልለውበት ነበር፤ ብዙዎቹ አልቀዋል።

«ነበረበት» አልኋቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው የቁጠባ ደብተራቸውን ተቀበሉኝ።

የተጠለሉት ሰዎች ቤቱን በምን ስም ይጠሩት እንደነበር ብታውቁ ትገረማላችሁ። መስጊድ ነበር። ከመስጊድነቱ በፊት፣ ከስድስተኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ የእመቤታችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከ1204 በኋላ ደግሞ ከምዕራብ የመጡ ባላባቶች የላቲን ካቴድራል አደረጉት። ኦቶማኖች በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት ሲገቡ ሚናራ ተከሉበት። በቁጥር ካሰባችሁት፣ ቤቱ ለአቴና ከተሰገደበት ዘመን ይልቅ ለአንድ አምላክ የተሰገደበት ዘመን ይረዝማል። ግሪክ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ነፃ ስትወጣ ግን፣ አምባውን «ወደ ጥንት ንጽሕናው» ልመልስ ብላ በፍርስራሹ መካከል የነበረችውን መስጊድ አነሣች፤ በ1875 እ.ኤ.አ. ደግሞ በምዕራባውያን ዘመን የተገነባውን ትልቅ ማማ አፈረሰች። የተዘረፈበት ባለቤትም ከራሱ መዝገብ ላይ ገጾች ቀደደ ማለት ነው። አንድ ዘመን ብቻ «እውነተኛው ባለቤት» ሆነ፤ ሌላው ሁሉ እንደ ጠፊ ተደመሰሰ። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በሚኖሩባት በአሶሳ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

* * *

ከዚህ ሁሉ በላይ ዓለም የሚያውቀው ክርክር የሎርድ ኤልጂን ነው። በኦቶማን ቤተ መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው ይህ ሰው፣ ከ1801 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወኪሎቹን ልኮ የቤቱን ቅርጻ ቅርጽ በመጋዝ እያስቆረጠ አወረደ። በ1816 ለእንግሊዝ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ ሸጠው፤ አወጣሁ ካለው ግማሹን እንኳ አላገኘም። ዕቃው የብሪትሽ ሙዚየም ሆነ። ቤቱን ይዞር ከነበረው 160 ሜትር ያህል ቅርጽ ዛሬ 75 ሜትር ያህሉ ለንደን ነው።

እንደ ባንክ ሠራተኛ አንድ ነገር ልበል። ኤልጂን ፈቃድ ነበረኝ ባይ ነው። የተሰጠው ወረቀት የቱርክኛው ዋና ቅጂ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ያለው የጣሊያንኛ ትርጉም ብቻ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ስብሰባ ላይ የቱርክ ተወካይ፣ ሽያጩን ሕጋዊ የሚያደርግ ሰነድ እንደማያውቁ ተናግረዋል። እኔ በመስኮቴ በኩል በትርጉም ወረቀት ብቻ አንድ መቶ ብር ብከፍል ማታ ሒሳቤ አይዘጋልኝም።

ግሪኮች መጠየቃቸውን አላቆሙም። የባህል ሚኒስትሯ ሜሊና መርኩሪ በ1982 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ በዩኔስኮ ጉባኤ ጥያቄውን ለዓለም አሰማች። በ2009 አዲሱ የአክሮፖሊስ ሙዚየም ተከፈተ፤ ለንደን ያሉት ቅርጾች በሚቆሙበት ስፍራ የጀሶ ግልባጭ ቆሞ ባለቤቱን ይጠብቃል። በኅዳር 2023 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሱናክ ከግሪኩ አቻቸው ጋር የያዙትን ቀጠሮ በዚሁ ጉዳይ ሳቢያ ሰረዙ። ሙዚየሙ በ1963 የወጣውን ሕግ ይጠቅሳል፤ ዕቃ ከእጄ እንዳላወጣ ሕግ ያግደኛል ይላል። ሌላም ምክንያት ያክላል፤ «እዚህ ሲሆን የዓለም ሕዝብ በነፃ ያየዋል።»

ይህ ሁለተኛው ምክንያት ደካማ አይደለም፤ ብዙ ቅን ሰዎችም ያምኑበታል። እኔም ላምንበት በቃጣሁ ነበር፤ በዚያው ሙዚየም ውስጥ የእኛ ዕቃ ባይኖር ኖሮ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ከናፒየር ጦር ጋር ሪቻርድ ሆምስ የተባለ የብሪትሽ ሙዚየም ሰው አብሮ ዘምቶ ነበር። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና የንጉሡ ዕቃ ቤት ተዘረፈ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ደረሰ፤ በዚያም በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ሆምስ የሙዚየሙን ገንዘብ ይዞ ከጨረታው ፊት ቆሞ ነበር። ሐራጅ ነበረ፤ ገዥ ነበረ፤ ዋጋ ነበረ። የሻጩ ባለቤትነት ብቻ አልነበረም።

ዛሬ በብሪትሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ። ሙዚየሙ ክብራቸውን ዐውቆ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት በቀር ማንም አያያቸውም። ይህን ማድረጉ ደግ ነው። ግን ልብ በሉ! ለግሪክ «ዓለም እንዲያየው» ብሎ የሚከራከረው ቤት፣ ማንም እንዳያየው አድርጎ ያስቀመጠውን የእኛን ታቦት በዚያው ሕግ ይይዘዋል። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዱ ስለሚታይ አይመለስም፤ ሌላው ስለማይታይ… አይመለስም። የፓርቴኖን ፈረሶችና የመቅደላ ታቦታት ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ምስክርነት እየሰጠ መሆኑን የሙዚየሙ ጠበቆች ያስተዋሉት አልመሰለኝም።

መመለስ እንደሚቻል ደግሞ ታይቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. በኤድንብራ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ታቦት ተገኘ፤ በዓመቱ በምእመናኑ ፈቃድ አዲስ አበባ ገባ። የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም ተመለሰ። የዌስትሚኒስተር አቢ ቤተ ክርስቲያን በ2024 በእጁ ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱን ገለጸ። ሰማይ አልተደፋም።

* * *

ስለ ሌላው ዘረፋ ለመጻፍ ብዕር አይደክምም። የራስን ቤት ሒሳብ መክፈት ነው የሚያስቸግረው።

በክልላችን፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ፣ የዘመናችን ታላቅ ሥራ ቆሟል። የዓባይ ግድብ መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሕዝብ ከደመወዙ እየቆረጠ፣ ቦንድ እየገዛ የሠራው ነው። እኔም በመስኮቴ በኩል ቦንድ ሸጫለሁ፤ የሊስትሮ ልጆች ያጠራቀሙትን ሳንቲም ቆጥሬ ተቀብያለሁ። በቴሌቪዥን የምረቃውን ቀን ስመለከት ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ አልደብቀውም። ውበትን የሚፈልገው ዓይኔ ነው ያነባው።

ደረሰኝ የሚፈልገው ዓይኔ ግን ያንኑ ሥዕል ሲያይ ሌላ ጠየቀ። ውሃው ከተኛበት ሸለቆ የተነሡት የጉሙዝ መንደሮች ስማቸው ማን ነበር? የአያቶቻቸው መቃብር፣ የዓሣ ማጥመጃቸው፣ የወርቅ ማጠቢያቸው በየትኛው መዝገብ ሰፈረ? በ2013 ዓ.ም. በመተከል የፈሰሰው የሰው ደምስ? ጉሙዙም፣ ሺናሻውም፣ አማራውም፣ አገውም፣ ኦሮሞውም አልቅሷል። ይህን የምጠይቀው ግድቡን ለማሳነስ አይደለም። ፓርቴኖንን የሚያሳንሰው የአባል ከተሞቹ ስም በድንጋይ መጻፉ አይደለምና። የሚያሳንሰው፣ «ሒሳብ የመስጠት ግዴታ የለብንም» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ የከፈለው ሊስትሮም፣ ከቀዬው የተነሣው ጉሙዝም፣ ያለቀውም ሰው በአንድ ድንጋይ ላይ ስማቸው እንዲቀረጽ እመኛለሁ። ድንጋይ ቢጠፋ በወረቀት፤ ወረቀት ቢጠፋ በግጥም።

የክልላችንም ስም እኮ ድንጋይ ነው። ቤኒሻንጉል የሚለው «ቤላ ሻንጉል» ከሚለው የበርታ ቃል መጣ፤ ትርጉሙም የሻንጉል ዓለት ማለት ነው ይባላል፤ በመንጌ አገር የሚገኝ የተከበረ ድንጋይ ስም ነው። ወርቁ በየዘመኑ ሄደ፤ ዓለቱ ስሙን ይዞ ቀረ። ስም የሚጻፍበት ድንጋይ እንግዲህ አላጣንም።

ውድ አንባብያን፣ ዕውቀቴ የመስኮት ኋላ ዕውቀት፣ ግጥሜም የማታ ግጥም ነው። ሆኖም ይህችን ስንኝ ተቀበሉኝ፦

ሁሉም ዓምዱን አይቶ ጠቢብ ሲያወሳ፣
ድንጋዩን ያነሣው ትከሻ ተረሳ።
ለበቅሎዋ እንኳን መኖ ተቆርጦላት፣
ወርቁን ላጠበችው ማን ስሟን ጻፈላት?
ጣሪያው ቢበር እንኳ ዓምዱ ቢሸራረፍ፣
ቤት ቤት የሚሆነው የሁሉም ስም ሲጻፍ።

ቸር እንሰንብት።

አሶሳ